በኬንያ ሞያሌ ሁለት ዓይነት ዱካ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው አውራ ጎዳና ሐዋሳን፣ ዲላን፣ ይርጋ ጨፌን፣ ሀገረ ማርያምን፣ ያቤሎንና ሜጋን እያለፈ ሲሄድ፣ እንሰቱና ቡናው በግራር፣ የደጋውም ዝናብ በቆላው ነፋስ እየተተካ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የምስጥ ኩይሳዎችም በግራና በቀኝ እየታዩ፣ በመጨረሻ ሞያሌ ይደርሳል። ከናይሮቢ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው ጎዳናም እንዲሁ ኢሲዮሎንና ማርሳቢትን አልፎ፣ ድንጋያማውን ምድረ በዳ ሰንጥቆ፣ ከዚያው ሞያሌ ይደርሳል። ሁለቱም መንገዶች እያንዳንዳቸው ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ። እንግዲህ ሞያሌ ሁለት ዋና ከተሞች እኩል የራቋት፣ እኩልም የሚፈልጓት ከተማ ናት ማለት ነው።

ስሟ አንድ ሲሆን ከተማዋ ሁለት ናት፤ አንዲቱ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛይቱም በኬንያ መንግሥት ሥር ትገኛለች። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ስላለችው ስለ ኬንያዪቱ ሞያሌ ነው። የሄድንበትም ጉዳይ አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። በዛሬው ጊዜ ኤግዚቢሽን፣ ባዛር፣ ኤክስፖ፣ የንግድ ትርኢት የሚባሉ ቃላት በየማስታወቂያው ተበራክተዋል። በእነርሱም ምክንያት ብዙ ሰው፣ ይልቁንም ከቤቱ ሙያ ተነሥቶ ንግድ የጀመረ ሰው፣ ገንዘቡን ከፍሎ ቦታ ይከራያል፤ ውልም ይፈርማል። የቃላቱን ትርጉም ግን ለይቶ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች በሚገናኙበት ገበያ መካከል ቆመን እነዚህን ቃላት ብንመረምራቸው ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ወሰኑና መሻገሪያው

የሞያሌ ወሰን ታሪክ ረዥም ቢሆንም በአጭሩ ብንናገረው ይበቃል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል የወሰኑ መስመር ተወሰነ። በሐምሌ ወር 1932 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በእንግሊዞች እጅ የነበረውን የሞያሌ ምሽግ ከብቦ አስለቀቀ፤ በ1933 ዓ.ም. ግን ኢጣሊያኖች ራሳቸው ለቀው ሄዱ። ኬንያም ነጻነቷን ካገኘች በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ጎረቤት መንግሥታት ወሰናቸውን በስምምነት አጸኑ። መስመሩ ምድሩን ቢከፍልም ሕዝቡን አልከፈለውም። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂውና ሶማሌው በወዲህም በወዲያም ዘመድ አለው፤ ለሠርግም ለለቅሶም ይሻገራል።

መሻገሪያውን ያየ ሰው ሁለት ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል ትነዳለች፤ ኬንያ ደግሞ በግራ። ስለዚህ ሾፌሩ ሞያሌ ላይ አገር ብቻ ሳይሆን ጎንም ይለውጣል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። እዚህ ግን የሚለወጥ ነገር የለም። እኛ ጠዋት «አንድ ሰዓት» የምንለውን ስዋሂሊ ተናጋሪው «ሳ ሞጃ» ይለዋል፤ ትርጉሙም ያው አንድ ሰዓት ነው። ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱንም ከምሽት ጀምሮ መቁጠር የእኛ ብቻ ልማድ የሚመስለን ሰዎች፣ ሞያሌ ስንደርስ ጎረቤታችንም እንደ እኛ እንደሚቆጥር እንረዳለን።

ቀድሞ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ ፒስታ በነበረበት ጊዜ፣ መንገደኛው በከብትና በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ፣ አቧራ ለብሶ፣ አንዳንዴም በአጃቢ ታጅቦ ቀናት ይፈጅ ነበር። አስፋልቱ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ከተጠናቀቀ ወዲህ ያ ድካም ቀርቷል። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በሞያሌ ተገናኝተው የአንድ ማቆሚያ የድንበር ኬላውን መረቁ። «አንድ ማቆሚያ» የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚሻገር ሰው የሁለቱንም መንግሥታት ሹማምንት በኬንያ በኩል ባለው ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛቸዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገረውም እንዲሁ በኢትዮጵያ በኩል። ሁለት ጊዜ ይቆም የነበረው መንገደኛ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆማል።

የገበያው ቋንቋ

ኬላውን አልፎ ወደ ኬንያዪቱ ሞያሌ የገባ ሰው ከሱቅ ወደ ሱቅ እየተመለከተ ይሄዳል። የፕላስቲክ ሳህንና ባልዲ፣ ሳሙና፣ የምግብ ዘይት፣ ብርድ ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሴቶች የሚለብሱት ባለቀለም ካንጋ ተሰቅሎ ይታያል። ካንጋ ማለት በጥንድ የሚሸጥ፣ ዙሪያውን ጥለት ያለው፣ በግርጌውም በስዋሂሊ ቋንቋ አንድ ምሳሌ ወይም ምክር የታተመበት ጨርቅ ነው። ሚስት ለባሏ፣ ምራትም ለአማቷ በአፍ ልትናገረው የማትደፍረውን ነገር በካንጋዋ ላይ አስነብባ ታልፋለች ይባላል። ከኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ቦሎቄው፣ አትክልቱ፣ ዕጣኑና ከብቱ ይመጣል።

የዚህ ገበያ ቋንቋ ስዋሂሊ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ቡርጂኛና አማርኛ ነው። እኛም ጥቂት ቃላት ብንለቅም ዘመዶቻችን ሆነው አገኘናቸው። ሂሳብ በስዋሂሊ «ሄሳቡ» ይባላል፤ ሳሙና «ሳቡኒ»፣ ስኳር «ሱካሪ»፣ ሳንዱቅ «ሳንዱኩ»፣ ደላላ «ደላሊ» ነው። ገበያም «ሶኮ» ይባላል፤ ይኸውም እኛ «ሱቅ» ብለን የወሰድነው የዐረብኛ ቃል ነው። ነጋዴ በእግሩ ሲዞር ቃልንም ከዕቃው ጋር ጭኖ እንደሚዞር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አንድ ቃል ግን አሳስቶ ያስቃል። በኬንያ ሱቅ «ዱካ» ይባላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ዱካ የእግር ኮቴ ነው፤ አዳኝ አውሬውን፣ ባለከብትም የጠፋች ላሙን የሚከታተልበት ምልክት ነው። የእኛ ሰው «ዱካው ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሞያሌው ሰው ወደ ሱቅ ይመራዋል። ይህን የቃል ግጥሚያ አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንግባ። በአማርኛ ኤግዚቢሽን ዐውደ ርእይ ይባላል። ዐውድ ዙሪያን፣ አደባባይን፣ ርእይም ማየትን ያመለክታል፤ ስለዚህ ዐውደ ርእይ የማያ አደባባይ ነው። በስዋሂሊ «ኦና» ማየት ነው፤ «ኦኜሻ» ማሳየት፣ «ማኦኜሾ» ደግሞ ኤግዚቢሽን ነው። በኦሮምኛ «አርጉ» ማየት፣ «አገርሲሱ» ማሳየት፣ «አገርሲሳ» ደግሞ ኤግዚቢሽን ነው። እነሆ፣ ሦስት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ቃሉን ከአንድ ምንጭ፣ ከዓይን ቀዱት። መሸጥ የሚለው ሐሳብ በአንዳቸውም ውስጥ የለም። የነገሩም ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው፤ ገበያ መሸጫ ነው፣ ዐውደ ርእይ ግን ማሳያ ነው።

የፈረንጆቹ ቃላትም ታሪክ አላቸው። ኤግዚቢሽን ከላቲን የተወሰደ ሲሆን አውጥቶ መያዝ፣ ማቅረብ ማለት ነው። ፌር የሚለው ቃል «ፌሪያ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም የበዓል ቀን ማለት ነው። ጀርመኖችም የንግድ ትርኢትን «መሴ» ይሉታል፤ ይኸውም ከቅዳሴ ስም የተወሰደ ነው። ሕዝቡ በበዓል ቀን አስቀድሶ ሲወጣ ነጋዴው በቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ዕቃውን ዘርግቶ ይጠብቀው ነበርና። ይህ ነገር በንግሥ በዓል ጧፍና መቁጠሪያ፣ ጥራጥሬና ሸማ ሲሸጥ ላየ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ባዛር የፋርስ ቃል ሲሆን የገበያ ስም ነው። ፓቪሊዮን ደግሞ በጥንቱ ላቲን ቢራቢሮ ማለት ነበር። የድንኳን መጋረጃ ሲዘረጋ ክንፍ ስለሚመስል ድንኳኑ በቢራቢሮ ስም ተጠራ፤ ኋላም አንድ አገር ወይም አንድ ክፍለ ሀገር ነጋዴዎቹን ሰብስቦ በአንድ ጣራ ሥር የሚያቀርብበት ሥፍራ ፓቪሊዮን ተባለ።

የባዶ ቦታ ነገር

በገበያው ውስጥ ዕጣንና ሙጫ ለሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ አንዲት ሴት ሰላምታ ሰጥተን ተቀመጥን። አማርኛቸው የጠራ ነው። ከኢትዮጵያ በኩል የሚመጣውን ዕጣን በጣታቸው እያገላበጡ ነጩን ከጥቁሩ፣ ፍንካቹን ከድፍኑ ይለያሉ።

«እትዬ፣ በኤግዚቢሽን ላይ ቀርበው ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ቀርቤአለሁ እንጂ ልጆቼ፤ ነገር ግን የቀረብኩት መሬት ላይ ነው» አሉን።

ነገሩን ሲያስረዱንም እንዲህ ነው። በአንድ ትልቅ ከተማ ትርኢት ይከፈታል ተብሎ ፎርም ተላከላቸው። በፎርሙ ላይ ሁለት ዓይነት ዋጋ ተጽፏል፤ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። እርሳቸውም «ቦታው ያው ቦታ ነው» ብለው ርካሹን መረጡና ከፈሉ። ዕጣናቸውን አስጭነው ሲደርሱ ያገኙት ግን በኖራ የተሰመረ ባዶ ወለል ነው። ጎረቤቶቻቸው ግድግዳ፣ ጠረጴዛ፣ መብራትና የስም ሰሌዳ አላቸው፤ እርሳቸው ምንም የላቸውም። ጠረጴዛ ተከራዩ፤ ለመብራት ከፈሉ፤ ለተሸካሚም ከፈሉ። በመጨረሻም ርካሹ ቦታ ከውዱ በለጠባቸው።

«ያታለለኝ ሰው የለም፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ያታለለኝ አለማወቄ ነው» አሉን።

ይህ ንግግር በልባችን ቀረ። ምክንያቱም የእኚህ እናት ችግር የንግድ ዕውቀት ማጣት አይደለም፤ ዕጣን በማወቅ ማንም አይበልጣቸውም። ያጡት የሁለት ቃላትን ትርጉም ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት፣ ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸውን ዋና ዋና ቃላት ከሞያሌ ጎዳና ጋር እያነጻጸርን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

ቃላቱና ጎዳናው

በማንኛውም ትርኢት ሦስት ወገኖች አሉ። አዘጋጁ አዳራሹን የሚከራይ፣ ቦታውን የሚያከፋፍልና ጎብኚ የሚጠራ ነው። ኤግዚቢተሩ ወይም አቅራቢው ዕቃውን ይዞ የሚቆመው ነው። ጎብኚው ደግሞ ሊያይ የሚመጣው ነው። ጎብኚም ሁለት ዓይነት ነው፤ ለሥራው የሚገዛ ነጋዴና ለቤቱ የሚገዛ ሰው። ለነጋዴ ብቻ የሚከፈተው «የንግድ ትርኢት»፣ ለሕዝብ ሁሉ የሚከፈተው ደግሞ «የሸማቾች ትርኢት» ይባላል፤ በእኛ አገር ባዛር የምንለው ለዚህኛው ይቀርባል። አንዳንዱም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለነጋዴ፣ የመጨረሻዎቹን ለሕዝብ ያደርጋል። አቅራቢ ከመክፈሉ በፊት «የሚመጣው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ጅምላ ገዢ የሚፈልግ ሰው የበዓል ሸማች ብቻ በሚመጣበት ባዛር ቢቆም፣ በጉን የአትክልት ተራ ወስዶ እንደ ማቆም ይሆንበታል።

አቅራቢው የሚቆምበት ክፍል በአገራችን ቡዝ ወይም ስታንድ ይባላል። እዚህ ላይ ነው የእኚያ እናት ነገር የሚነሣው። «ባዶ ቦታ» የተባለ እንደ ሆነ የሚሰጠው ወለል ብቻ ነው፤ ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ መብራቱን የሚሠራው ራሱ አቅራቢው ነው። ይህ የራሳቸው አናጢና ሠዓሊ ላላቸው ትልልቅ ድርጅቶች የተዘጋጀ ነው። «ሼል ስኪም» የተባለ እንደ ሆነ ግን፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሠርቶ የቆየ ክፍል ነው፤ የኋላና የጎን ግድግዳ፣ የስም ሰሌዳ፣ ብዙ ጊዜም መብራትና ጠረጴዛ አለው። የተለመደው መጠን 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ማለት 9 ካሬ ሜትር ነው። አነስተኛ ነጋዴ የሚሻለው ይህኛው ነው። ሆኖም በውስጡ ምን ምን እንዳለ በጽሑፍ ማስዘርዘር ያስፈልጋል። የሶኬት ዋጋ ለብቻው መሆኑን በመክፈቻው ቀን ማወቅ መልካም አይደለም።

የቦታውም አቀማመጥ ስም አለው። በተርታ ካሉት ሱቆች መካከል እንዳለ ሱቅ፣ በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተው «የተርታ ቡዝ» ነው። ሁለት መንገድ በሚገናኝበት እንዳለ ሱቅ በሁለት በኩል የተከፈተው «የማዕዘን ቡዝ» ነው። በሦስት በኩል የተከፈተው «ፔኒንሱላ»፣ ይኸውም ወደ ባሕር የገባ ልሳነ ምድር ይባላል። በአራቱም በኩል መተላለፊያ የከበበው ደግሞ «ደሴት» ነው። በሞያሌ ገበያ መካከል ድስቷንና ስኒዎቿን አስቀምጣ ሻይ የምትሸጠው ሴት ደሴት ይዛለች ማለት ነው፤ ከየትም በኩል የሚመጣ ሰው ያገኛታል። ባለ ማዕዘኑም ሱቅ ኪራዩ የሚበልጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በሞያሌ ይህን ለማወቅ ማንም መጽሐፍ አላስፈለገውም። ትርኢት አዘጋጆችም የሚያስከፍሉት በዚሁ ሕግ ነው፤ ክፍት ጎን በበዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል።

ከመክፈቻው በፊት ዕቃ የሚገባበትና ቡዝ የሚሠራበት ጊዜ «መግቢያ»፣ ከተዘጋ በኋላ የሚፈርስበት ጊዜ «መውጫ» ይባላል። ለሁለቱም የተቈረጠ ሰዓት አላቸው። ሰዓቱ ሳይደርስ ዕቃውን የሚያነሣ አቅራቢ ነውረኛ ይባላል፤ በውሉም መቀጫ ሊኖርበት ይችላል። የመጨረሻው ጎብኚ ባዶ ግድግዳ እያየ እንዳይመለስ የተደረገ ሥርዓት ነው። ዕቃውን ከመኪና ማውረጃው በር እስከ ቡዙ የማድረሱ ሥራ በአሜሪካ «ድሬጅ» ይባላል። ስሙ በፈረስ ከሚጎተት የጭነት ጋሪ የመጣ ነው። ክፍያውም በዚያ አገር በየ100 ፓውንዱ፣ ማለት በየ45 ኪሎው ገደማ ይታሰባል። ይህ የእኛው ጫኝና አውራጅ ነው። በሞያሌ መኪናው ገና ሳይቆም ጫኝና አውራጁ ከቦ ዋጋ እንደሚቈርጥ የሚያውቅ ነጋዴ፣ በትርኢትም አዳራሽ ይህ ወጪ እንዳለ አስቀድሞ ቢጠይቅ አይገረምም።

ወሰን ለሚሻገር አቅራቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ «ጊዜያዊ ማስገቢያ» ይባላል። ዕቃው ታይቶ የሚመለስ ከሆነ ለሽያጭ እንደሚገባ ዕቃ ሆኖ ቀረጥ እንዳይታሰብበት፣ ገብቶ የሚወጣ መሆኑ በዝርዝር ተጽፎ በጉምሩክ ይመዘገባል። አሥር ቅርጫት አስገብቶ ሰባት የሚመልስ ሰው የሦስቱን መልስ መስጠት አለበት። እንግዲህ ዕቃው ሦስት ዓይነት ሆኖ ይለያል ማለት ነው፤ የሚታይና የሚመለስ፣ የሚሸጥ፣ በነጻም የሚታደል። ይህን ሳይለይ ኬላ የደረሰ ሰው ማቆሚያው አንድ ቢሆንም ቆይታው ረዥም ይሆንበታል።

ናሙናና ዱካ

ከቃላቱ ሁሉ ትልቁ ናሙና ነው። ቃሉ የፋርስ ነው። በጥንቱ ገበያ ነጋዴው ያለ የሌለ ዕቃውን በግመልና በጋሪ ጭኖ ይመጣ ነበር። የጀርመን ከተማ ላይፕሲግ ከ1165 ገደማ ጀምሮ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የታወቀ የገበያ ቦታ ነበረች። ባቡርና ፋብሪካ ከመጡ በኋላ ግን፣ በዚያው አቆጣጠር በ1895፣ «ሁሉን ከማምጣት አንዳንድ ናሙና ይምጣ፤ ገዢውም አይቶ ይዘዝ» ተብሎ የናሙና ትርኢት ተጀመረ። ከዚያ በፊት በ1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ በመስተዋት ቤት ውስጥ የተከፈተው ታላቅ ትርኢት የብዙ አገሮችን ሥራ በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦ አሳይቶ ነበር። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለት ከማሳየትና ከናሙና፣ የዛሬው ትርኢት ተወለደ።

የናሙናን ትርጉም ለመረዳት የከብት ገበያን ማየት ይበቃል። ከብት ናሙና የለውም፤ ገዢው የሚገዛውን ያንኑ በሬ አይቶ፣ ዳብሶ፣ አስሂዶ ይገዛል። በሶማሌ ከብት ነጋዴዎች ዘንድም ደላሎች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ጥቅሻ ዋጋ የሚነጋገሩበት ልማድ አለ፤ ዋጋው ከሁለቱ በቀር ለማንም አይታይም። በዚያ ገበያ ዕቃው ይታያል፤ ዋጋው ይሰወራል፤ ነገሩም በዚያው ቀን ያልቃል። በትርኢት ግን ዛሬ የሚታየው ጥቂት ነው፤ የሚሸጠው ብዙ ነው፤ የሚያልቀውም ኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢያችን በልቡ የያዘልንን ዱካ እናምጣው። ባለሙያዎች «ሊድ» የሚሉት ነገር አለ። ይኸውም ቡዙ አጠገብ ቆሞ፣ ናሙናውን አሽትቶ፣ «ወር በወር ይህን ያህል ኩንታል ልታቀርቢልኝ ትችያለሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስም፣ አድራሻና ፍላጎት ነው። ገና አልገዛም፤ ነገር ግን ኮቴውን ትቶ ሄዷል። ይህን በአማርኛ ዱካ ብንለው ትክክለኛ ስሙ ይመስለናል። ኬንያዊው ዱካ መሸጫ ነው፤ አማርኛው ዱካ መከተያ ነው። ወደ ትርኢት የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሊከፍት ቢሄድ፣ የያዘውን ሸጦ፣ የኪራዩንም ሂሳብ አስቦ፣ «ሞያሌ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር» እያለ ይመለሳል። ሁለተኛውን ፈልጎ የሄደ ሰው ግን በደብተሩ ሃያ ስም ጽፎ ቢመለስ፣ በሚቀጥለውም ሳምንት ሳይውል ሳያድር ቢከታተላቸው፣ ከሃያው ሁለቱ እንኳ ቢገኙ ዓመቱን ይመግቡታል። ዱካ ግን ነፋስና ዝናብ ያጠፋዋል፤ ያልተጻፈና ያልተከተሉት ስም እንዲሁ ነው።

ያሉት አዳራሾች

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በአዲስ አበባ የኢዮቤልዩ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። በ1959 ዓ.ም. በካናዳ ሞንትሪያል፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በጃፓን ኦሳካ በተደረጉት ዓለም አቀፍ ትርኢቶች ኢትዮጵያ የራሷን ፓቪሊዮን አቁማለች። ከዚያም ወዲህ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በነበረው የኤግዚቢሽን ማዕከል የተከፈቱት የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ባዛሮች ለብዙ ቤተሰብ የበዓል ልማድ እስከ መሆን ደርሰው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ኢንተርናሽናል ኮንቬንሽን ማዕከል ተመርቋል። በኬንያም በኩል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 የተመሠረተው የእርሻ ማኅበር በየከተማው ትርኢት በማዘጋጀት የታወቀ ሲሆን፣ ትልቁ የሚደረገው በናይሮቢ ጃምሁሪ ፓርክ ነው። ሕዝቡም «ሾው» እያለ ይጠራዋል።

እንግዲህ በሰሜን አዲስ አበባ፣ በደቡብ ናይሮቢ፣ በመካከላቸውም ሞያሌ አለች ማለት ነው። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ኬላውም አንድ ሆኗል። የቀረው በዚያ መንገድ የሚሄደው ሰው ነው። የዕጣን ነጋዴዋ፣ የወተት ዕቃ የምትፈትለው የቦረና ሴት፣ ቦሎቄ የሚያቀርበው ገበሬ፣ ካንጋ የሚያመላልሰው ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ ለሁለቱም ከተማ የሚበቃ ዕቃ አላቸው። በብቸኝነት አንድ ቡዝ መያዝ ቢከብዳቸው አምስት ስድስት ሆነው በማኅበር አንዱን ሊይዙ፣ ወይም በአንድ ፓቪሊዮን ሥር ሊቆሙ ይችላሉ። ዕቁብና ዕድር የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመሥራት አዲስ ጥበብ አያስፈልገውም።

ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ቤተሰቦች የምንመክረው አጭር ነው። የትርኢት ፎርም ወደ ቤታችሁ የመጣ እንደ ሆነ፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ለእናቱ ጮክ ብሎ ያንብብላት። የሚመጣው ጎብኚ ማን ነው? ቦታው ባዶ ነው ወይስ የተሠራ? በስንት በኩል ክፍት ነው? መብራቱና ጠረጴዛው የማን ነው? የሚያወርደውና የሚጭነው ማን ነው፤ ዋጋውስ? መግቢያውና መውጫው በስንት ሰዓት ነው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ በወረቀቱ ላይ መልስ ካልተገኘ፣ አዘጋጁን ጠይቆ በጽሑፍ ማስመለስ መብት ነው። ከዚያ በኋላ መፈረም ይቻላል። በሻንጣውም ውስጥ፣ ከናሙናው ጎን፣ ንጹሕ ደብተርና እርሳስ ይቀመጥ፤ ዱካ የሚያዘው በእርሱ ነውና።